የሞላ ትኩሳት

ጅን የለም አላልኩም፣ ኪታቡ አለ ካለ አለ ነው፣ እኔ የማላምነው ሹፌር አየሁ የሚለውን ጅን ነው። ወዳጄ፣ መናኸሪያ ተራ ስንጠብቅ የሚወራውን ብትሰማ ጉድ ትላለህ፣ አንዱ ነጭ የለበሰች ሴት ከመንገድ አሳፍሮ ዞር ሲል ወንበሩ ባዶ ነው፣ አንዱ ፍየል ገጭቶ ሊያያት ሲወርድ ፍየሏ በስሙ ጠርታ ሰላም ትለዋለች፣ ደግሞ የሁሉም ታሪክ አንድ ነው፣ የሚለየው ቦታው ብቻ ነው። እኔ ታዲያ «ጫቱን ቀነስ አድርጋት» ብዬ ሻዬን ነበር የምጠጣው፣ ከደሴ አላማጣ ስመላለስ ጺሜ ሸብቷል፣ ከጉድጓድ፣ ከግመልና ከትራፊክ ፖሊስ በቀር የሚያስፈራ ነገር መንገድ ላይ አይቼ አላውቅም ነበር።

ሌላም አስቀድሜ ልንገርህ። ወላሂ የምትለው ቃል ከአፌ አትጠፋም ነበር፣ ለሽንኩርት ዋጋ ወላሂ፣ ለጎማ ወላሂ፣ ሚስቴ «አንተ ሰው፣ አንድ ቀን ይቺ ቃል ትይዝሃለች» ስትለኝ እስቅ ነበር። አሁን እንደዚያ አይደለሁም። ስለዚህ እዚህ ወሬ ውስጥ ወላሂ ካልኩህ መሐላ ነው ብለህ ያዘው።

ሞላ ረዳቴ ነበር። የዋጃ ልጅ ነው፣ ክርስቲያን፣ ቀጭን፣ ወሬኛ፣ ተሳፋሪ ሲቆጣ የሚያስቅ፣ እንደሱ ያለ ረዳት ከእሱ በፊትም በኋላም አልገጠመኝም። በሩ ላይ ተንጠልጥሎ አይጮህም፣ በእጁ ነበር የሚያናግረኝ፣ የመኪናዬን ኋላ በመዳፉ አንዴ ጧ ካደረገ ቁም ማለት ነው፣ ሁለቴ ጧ ጧ አድርጎ በናስ ቀለበቱ ጠቅ ካስከተለ ሂድ ማለት ነው። ያቺ ጠቅ የእሱ ብቻ ነበረች፣ መናኸሪያ ሙሉ መኪና ተደርድሮ እንኳ የእኔን ከሌላው የምለየው በሷ ነው። አባቱ ሲሞት እናቱን ብቻዋን አልተውም ብሎ ወደ እርሻው ተመለሰ፣ እኔም ቅር እያለኝ ሸኘሁት፣ ግን ዋጃ ባለፍኩ ቁጥር መንገድ ዳር ይጠብቀኛል፣ ማሽላ እሸት ያቀብለኛል፣ ከዚያ ኋላዬን ጧ ጧ ጠቅ አድርጎ ያሳልፈኛል።

ያለፈው ነሐሴ ማለቂያ ላይ፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ወባ ያዘው። ቆላ ነው፣ ወባ ለእኛ እንግዳ አይደለችም፣ ያልፍለታል ብለን ቀለል አደረግነው፣ እሱ ግን እንደ እሳት ሲነድ ሰንብቶ ሄደ። እናቱ እማማ ዘነቡ ሌት ተቀን ጨርቅ እየነከሩ ግንባሩ ላይ ሲያደርጉ ነበር፣ ጨርቁ ወዲያው እየደረቀ ያስቸግራቸው ነበር። ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነኝ፣ አፈር ሲለብስም ቆሜ አይቻለሁ፣ አካፋውን ተቀብዬም አልብሻለሁ። ይህን ልብ በልልኝ።

ያልሰማች አንዲት ሰው ነበረች፣ እህቱ ፋንታዬ። ደሴ ልብስ ትሰፋለች፣ ብቻዋን ነው የምትኖረው፣ ከእናቷ ሌላ ያላት እሱ ብቻ ነበር። መቼም መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ሰው ብቻውን ወድቆ ይቅር? አያ ደምሴ፣ የሰፈሩ ሽማግሌ፣ ከቀብር እንደተመለስን ክንዴን ያዙና «ሰይዴ፣ አንተን ታውቅሃለች፣ ደሴ ሂድና አምጣት፣ እናትሽን ትንሽ አሟታል በላት፣ አክስቷ ቤት ትደር፣ ሲነጋ እኛው እንነግራታለን» አሉኝ። እምቢ የሚባል ነገር አይደለም። እኔ ግን ፊቴ ላይ ነገር አይደበቅም።

ፋንቱን ከሱቋ ስወስዳት መኪናዬ ላይ ሌላ ሰው አልጫንኩም። የቆቦ ወይ የዋጃ ሰው ተሳፍሮ «ነፍስ ይማር፣ እግዜር ያጽናሽ» ቢላትስ? እሷ ደግሞ እንደመጣሁ አልተነሳችም፣ ስፌት መኪናዋ ላይ ሰማያዊ ሸሚዝ አለ፣ ቁልፉ አልተተከለም። «የሞላ ነው፣ ለእንቁጣጣሽ ይለብሰዋል፣ ሳልጨርሰው አልሄድም» አለች። ቁልፍ በቁልፍ ስትተክል በሩ ላይ ቆሜ አየሁ። እመነኝ፣ እዚያው «ተይው ፋንቱ፣ ለማን ብለሽ ነው» ልል አፌ ድረስ መጥቶ ነበር፣ ምላሴን ነክሼ ወደ ውጭ ወጣሁ።

የተነሳነው ከሰዓት ነው። ሐይቅን ሳናልፍ ጀመረችኝ።

«እማዬን ምንድን ነው ያመማት?»

«ትንሽ ነው፣ ደም ግፊት ነገር።»

«ትንሽ?»

«ትንሽ።»

«ሰይዶ፣ እኔ የፈረንጅ ልጅ አይደለሁም። እኛ አገር እናትሽን ትንሽ አሟታል ተብላ በኮንትራት መኪና የተወሰደች ሴት ምን እንደሚጠብቃት አውቃለሁ።»

ምን ልበላት? እናቷ ዘንድ ደወልኩና ስልኩን ሰጠኋት። እማማ ዘነቡ ልጃቸውን በቀበሩ በማግስቱ ድምፃቸውን አጽድተው «ደህና ነኝ ልጄ፣ ጠበል ላይ ነኝ፣ ነገ ጧት እመጣለሁ፣ አንቺ አክስትሽ ዘንድ እደሪ» አሏት። ያን ድምፅ ከየት እንዳመጡት አላህ ይወቅ። ፋንቱ ስልኩን ዘጋችና ትንሽ ተነፈሰች፣ ከዚያ ደግሞ ፊቷ ጠቆረ።

«እማዬ ካለች፣ ሞላ ነዋ።»

«ኧረ በፈጠረሽ!»

«ታዲያ ስልኩ ለምን አይሠራም?»

«ውሃ ገብቶበት ነው አሉ። እርሻ ላይ።»

«ማን አለ?»

«እሱ ነዋ።»

ይኸውልህ፣ እንዲህ እየዋሸሁ ወልድያን አለፍን። ሮቢት ላይ ጎማዬን ልይ ብዬ ስቆም ቲማቲም የምትሸጥ የምታውቀን ሴትዮ ሰሃኗን ይዛ መጣችና ፋንቱን ስታይ እጇን አፏ ላይ ጫነች፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ። እኔ በጥድፊያ «ቲማቲሙ ስንት ነው?» ብዬ ጮህኩባት፣ ገባትና ዞር አለች። ፋንቱ ግን አይታለች። ከዚያ በኋላ ሸሚዙን በፌስታል ታቅፋ መስኮቱ ላይ ተደግፋ እንባዋ ዝም ብሎ ይወርዳል፣ ማሽላው ግራና ቀኝ ሰው የሚውጥ ሆኖ ቆሟል፣ ጸሐይዋ ወደ ደጋው ተራራ ዘቅዝቃለች። ከመኪና ሥራ ሁሉ ያን ቀን የጫንኩት ነው የከበደኝ።

ከሮቢት አለፍ ብሎ አንድ ወንዝ አለ፣ ስሙን አልጠራልህም። ድልድዩ ሲጠገን ስለነበር መኪና በጎን ወርዶ በወንዙ አሸዋ ላይ ነበር የሚሻገረው። የራያን ወንዝ የማታውቅ ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ብቻ ነው፣ ክረምት ላይ ግን ቆላው ጠብታ ሳያይ ደጋው ላይ የዘነበው ድንገት ይወርዳል። ገበሬው ደግሞ የሚጠብቀው ይህንኑ ነው፣ ተራራው ላይ ሲጠቁር አካፋውን ይዞ ይመጣና ጎርፉን ጠልፎ ወደ ማሽላው ይመራዋል። ያን ቀን ተራራው ጠቁሯል፣ አይቻለሁ፣ ግን አንድ ገበሬ እንኳ ወንዙ ዳር አልነበረም፣ አሸዋውም ደረቅ ነው፣ ሳይመሽ ቶሎ ልሻገር ብዬ ማርሽ ቀንሼ አፍንጫዋን ወደ ታች አዞርኩ።

ጧ!

ከኋላ ነው። አንዴ። በመዳፍ።

እግሬ ፍሬን ላይ ነበር። አስቤ አልረገጥኩም፣ እግሬ ራሱ ነው የረገጠው፣ ያን ያህል ዓመት ለዚያች ድምፅ የታዘዘ እግር ምን ታደርገዋለህ። ፋንቱ ግንባሯ መስታወቱን ሊመታ ትንሽ ቀርቶት «ምን ሆንክ?» አለች፣ «ድንጋይ መሰለኝ» አልኳትና ወረድኩ። ኋላ ዞሬ አየሁ፣ ማንም የለም። ጎማ ሥር አየሁ፣ ድንጋይ የለም። ራሴን ሰደብኩት። ሐዘን ነው፣ እንቅልፍ ማጣት ነው አልኩ፣ ከዚያ ከወረድኩ አይቀር አሸዋውን ልየው ብዬ በእግሬ ጥቂት ወደ ወንዙ ወረድኩ።

መጀመሪያ የሰማሁት እንደ ከባድ መኪና ጉርምርምታ ነበር፣ ቀጥሎ የቅጠልና የጭቃ ሽታ መጣ፣ ከዚያ ከመታጠፊያው ላይ ቡናማ ግድግዳ ብቅ አለ፣ ግንድ ይዟል፣ ድንጋይ ይዟል፣ የሞተ በሬ ይዟል። ወደ ዳር ዘለልኩ። አሁን እንሄድበት የነበረው አሸዋ ዓይኔ እያየ ጠፋ። ወላሂ ነው የምልህ፣ ያቺ ጧ ባትኖር እኔና ፋንቱ ከበሬው ጋር ነበርን። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ፣ አልሐምዱሊላህ እላለሁ፣ እንደገና እላለሁ።

ፊቴን ወደ መኪናው ስመልስ በፋንቱ መስኮት አንድ ሰው ቆሟል። ጀርባው ነው የሚታየኝ፣ አረንጓዴ ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጓል፣ አካፋ ይዟል፣ ክርኑን መስኮቱ ላይ አስደግፏል። ውሃ ሊጠልፍ የመጣ ገበሬ ነው አልኩ፣ ሌላ ምን እላለሁ? የፋንቱን ፊት አየሁት፣ ትስቃለች፣ እያለቀሰች ትስቃለች፣ እጇ የሰውየውን እጅ ይዟል፣ ከዚያ ፌስታሉን አነሳች። ተነስቼ ወደነሱ ስራመድ ሰውየው ዞር ሳይል ወደ ማሽላው ገባ፣ አገዳው ትንሽ ተወዛወዘና ቆመ።

«አገኘሁት!» አለችኝ በሩን ሳልከፍት። «ሰይዶ፣ ሞላን አገኘሁት! አንተ ውሸታም፣ ደህና ነው ስትለኝ እውነትህን ነበር ለካ፣ እኔ እኮ ገድዬው ቁጭ ብዬ ነበር!»

ወደ ማሽላው ዞሬ አየሁ።

«ማንን ነው ያገኘሽው?»

«ሞላን ነዋ! አላየኸውም እንዴ? እዚህ ምን ትሠራለህ ብለው ውሃ ልጠልፍ መጥቼ ነው አለኝ፣ ሰይድን ቀስ ብለህ ንዳ በይው ብሏል፣ ሸሚዙንም ሰጠሁት፣ ልኩ ይሁን አይሁን ልበሰውና ልየው ስለው ኋላ አለኝ።» ከዚያ ፊቷ ትንሽ ቀዝቀዝ አለ። «ግን እጁ ይፋጃል። እሳት ነው የሚመስለው። ወባ እንዳይሆን ሰይዶ፣ ነገ ጧት ጤና ጣቢያ ይዤው እሄዳለሁ፣ እሱ እንደሆን መድኃኒት አይወድም።»

ምን እንዳልኳት አላስታውስም። ምናልባት እሺ ብያት ይሆናል። ልቤ ግን ሁለት ቦታ ተከፈለ፣ አንዱ «ገበሬ ነው፣ መሽቶባታል፣ ስላማራት ነው ያየችው» ይለኛል፣ ሌላው ዝም ብሎ ያንን ጀርባ ያስባል፣ ፎጣውን የጣለበትን ጎን፣ መስኮቱ ላይ እንደ ሞላ አንድ እግሩን አጥፎ የቆመበትን አቋቋም። ማሽላው ውስጥ ገብቼ ልፈልገው አስቤ ነበር። ፈራሁ፣ አትፍረድብኝ፣ ባላገኘው ፈራሁ፣ ባገኘውም ፈራሁ።

ጎርፉ እስኪጎድል ቁጭ አልን። እሷ ወሬዋን ለቀቀችው፣ ልጅ ሆነው እንዴት ጥንቅሽ ከሰው ማሳ እንደሰረቁ፣ እንዴት እሱ ብቻውን እንደተገረፈላት፣ ለእንቁጣጣሽ እማዬን ይዘን ደሴ እንመጣለን እያለች ትስቃለች። ደስታዋ ቤት ያሞቃል። እኔ አጠገቧ ሆኜ አካፋውን አስባለሁ፣ አፈሩ ሲወርድ የነበረውን ድምፅ አስባለሁ፣ ያን ያህል የተደሰተ ሰው አጠገብ ተቀምጬ ያን ያህል ያዘንኩበት ቀን የለኝም።

ጀንበር ስትገባ ውሃው ጎደለ፣ አሸዋው ተመልሶ ታየ። ሞተር አስነሳሁ። ይሸከመኝ ይሆን አይሸከመኝ እያልኩ ክላቹን ረግጬ ሳመነታ፣ ከኋላዬ፣

ጧ ጧ። ጠቅ።

ወላሂ። ይቺ ሁለተኛዋ ናት፣ ደግመህ አታስምለኝ። ጧ ጧ፣ ጠቅ፣ ናስ በቆርቆሮ ላይ። ያን ቀለበት ከጣቱ ላይ ማውለቅ አቅቷቸው ከነቀለበቱ እንደተቀበረ አውቃለሁ። እግሬ ክላቹን ለቀቀ፣ መኪናዋ ወረደች፣ አሸዋው ያዘን፣ ተሻገርን። ፋንቱ በመስኮት ብቅ ብላ «ቻው ሞልዬ! ነገ ጧት!» እያለች እጇን ታወዛውዛለች። እኔ መስታወቴን አላየሁም። ከዚያ ቦታ ተነስቼ ቆቦ መብራት ውስጥ እስክገባ ድረስ መስታወቴን አላየሁም።

ቆቦን እንዳለፍን እናቷ ዘንድ ደወለችና ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«እማዬ፣ ሞላን መንገድ ላይ አገኘሁት!»

ወዲያ ማዶ ከጀርባ ይሰማ የነበረው የሴቶች ድምፅ ቆመ።

«ሞላን?» አሉ እማማ ዘነቡ።

«ሞላን ነዋ! ወንዙ ጋ። ሸሚዙን ሰጠሁት። ግን እማዬ፣ አተኩሶታል፣ እጁ እንዴት እንደሚፋጅ።»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። ከዚያ እናቲቱ በቀጭን ድምፅ፣ መዋሸቱን ሁሉ ረስተው፣ «አሁንም አልለቀቀውም?» አሉ።

መሪው ከእጄ ሊያመልጥ ነበር። ፋንቱ ግን ምን ብትል ጥሩ ነው፣ እየሳቀች «እንዴ! ለካ ታሞ ነበር? ወባ ይዞት ነው እንዲህ የደበቃችሁኝ? እኔ ደግሞ ሞቶ መስሎኝ ነፍሴ ልትወጣ ነበር እኮ እማዬ!» አለች። ስልኩ ተዘጋ። ማን እንደዘጋው አላውቅም።

አክስቷ ቤት አደረስኳት፣ ራቷን በላች፣ ተኛች። እኔ መኪናዬ ውስጥ አደርኩ፣ ማደር ከተባለ። ጎህ ሲቀድ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ፣ አያ ደምሴ ከፊት፣ እማማ ዘነቡ ከኋላ በሁለት ሴት ተደግፈው። ፋንቱ ፊቷን ታጥባ ጤና ጣቢያ ልትሄድ ስትወጣ በራፉ ላይ ተገጣጠሙ። አያ ደምሴ እንደ ወጉ ጀመሩ፣ «ልጄ፣ ሰው ሆኖ ከሞት የሚያመልጥ የለም፣ ወንድምሽ...»

አልጨረሱም። ፋንቱ ሳቀች። እንዲህ ያለ ሳቅ ማንም ላይ አይምጣ።

«ተሳስታችኋል። ትናንት ማታ አነጋግሬዋለሁ፣ እጁን ይዤዋለሁ። ሰይድ አብሮኝ ነበር፣ ጠይቁት!»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አያ ደምሴ በዓይናቸው «አላየሁም በል» ይሉኛል፣ እውነት አላቸው፣ አየሁ ካልኩ ይቺ ልጅ እንባዋን ይዛ ዕድሜዋን ሙሉ መንገድ ላይ ስትጠብቀው ልትኖር ነው፣ ያልተለቀሰ ሐዘን ሰው ያሳብዳል። ግን ደግሞ አላየሁም ብል፣ ያ ጀርባ፣ ያቺ ጠቅ፣ ሞቶ እንኳ ከጎርፍ ያተረፈኝን ሰው አልነበርክም ልለው ነው።

ፋንቱ መጥታ ኮቴን ያዘች። «ሰይዶ፣ አንተ ለሽንኩርት ትምል የለም እንዴ? በል ማልልኝ። ሞላ አለ በልና ማልልኝ።»

የማውቀውን ብቻ ነገርኳት።

«ፋንቱዬ፣ ወላሂ፣ በእነዚህ እጆቼ አፈር አልብሼዋለሁ።»

«ትናንትናስ?»

ፊቴን አየችው፣ ፊቴ ላይ ነገር አይደበቅም ብዬህ የለ፣ ሁለቱንም እዚያ አየችው መሰለኝ፣ ኮቴን ለቃ መሬት ወደቀች። ከዚያ በኋላ ያለውን ለቅሶ አልነግርህም። እናትና ልጅ ተቃቅፈው፣ ያቺ ልጅ ደረቷን እየመታች «እጁን ለቀቅኩት፣ ይዤው እጁን ለቀቅኩት» ስትል የዋጃ ሰው ሁሉ እንደ አዲስ አለቀሰ፣ እኔም እንደ ሴት አለቀስኩ፣ አላፍርም።

ዕቃዋን ያወጡት ሴቶች ሸሚዙን ፈለጉት። ፌስታሉ አለ፣ ሸሚዙ የለም። መኪናዬን ወንበር በወንበር ፈተሽኩ፣ ምንጣፉን ገለበጥኩ፣ የለም። በሳምንቱ ወደዚያ ወንዝ ተመልሼ የአካባቢውን ገበሬዎች ጠየቅኩ፣ አረንጓዴ ፎጣ የጣለ፣ ሰማያዊ ሸሚዝ ያገኘ፣ አያችሁ ወይ አልኳቸው። «ያን ቀን ማንም አልወረደም» አለኝ አንዱ፣ «ጎርፉ ሳናስበው መጥቶ አመለጠን፣ አንድ ቦይ እንኳ አልቆረጥንም።» ምናልባት መንገደኛ ይሆናል። ምናልባት ደህና ሰው ስታለቅስ አይቶ ሊያጽናናት ወንድምሽ ነኝ ብሎ ይሆናል። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሁሉንም አስረዳዋለሁ፣ ጠቅ ያለችው ላይ ስደርስ እቆማለሁ።

ፋንቱ ደሴ ተመልሳለች፣ ትሰፋለች፣ ስንገናኝ ስለዚያ ቀን አናነሳም። እማማ ዘነቡ ናቸው የማይተዉኝ። ከአርባው በኋላ ዋጃ ስደርስ መንገድ ዳር፣ እሱ ይቆምባት የነበረችው ቦታ ላይ ቆመው አገኘኋቸው፣ በፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ይዘዋል።

«ሰይዴ፣ አንተ እስላም ነህ፣ ላስቸግርህ አልፈልግም» አሉኝ፣ «ግን በዚያ የምታልፈው አንተ ነህ። ጠበል ናት። እሱ የቆመባት ቦታ ላይ አፍስልኝ። መሞቱንስ እሺ ብያለሁ፣ እግዜር የሰጠውን ወሰደ። ግን ከነትኩሳቱ ይሂድ? አፈር ውስጥም እንደነደደ ይኑር? ይብረድለት ልጄ።»

«እማማ፣ እኔ ወሎዬ አይደለሁም እንዴ፣ ምን ያስቸግረኛል» ብዬ ተቀበልኩ።

ቢስሚላህ ብዬ አፈሰስኩት። ሲፈስ፣ አሸዋው ቺስ አለ። ደረቅ አሸዋ ውሃ ሲጠጣ ድምፅ ያሰማል አልኩ። የሚቀጥለው ጊዜ ጧት ነበር፣ ብርድ፣ ካፊያ ጥሎ አሸዋው ርሷል፣ አፈሰስኩት፣ ቺስ። የጋለ ምጣድ ላይ እንደወደቀ ውሃ። ጎንበስ ብዬ እጄን ላሳርፍ አልኩና ተውኩት፣ እጄን ሰብስቤ ተመለስኩ። ድልድዩ አልቋል፣ ሌላው መኪና ሁሉ ከላይ ያልፋል፣ እኔ ብቻ ነኝ ዳር ላይ አቁሜ በእግሬ የምወርደው፣ ተሳፋሪዎቼ ለሽንት የወረድኩ ይመስላቸዋል።

ባለፈው ሳምንትም እማማ ዘነቡ ቆመው ጠበቁኝ። ከስተዋል፣ ጥቁሩ ልብስ ሰፍቷቸዋል። ባዶውን ጠርሙስ መለስኩላቸው፣ አዲሱን አልሰጡኝም፣ ደረታቸው ላይ እንደያዙት ቀና ብለው አዩኝ።

«በረደለት?» አሉኝ።

«አዎ እማማ፣ በርዶለታል።»

ፊቴን አዩት። ከኋላዬ ተሳፋሪው «ሹፌር፣ እንሂድ እንጂ» ይላል።

«እስቲ ወላሂ በለኝ» አሉኝ።

አፌን ከፈትኩ። ልምልላቸው ፈልጌ ነበር፣ ለዚያች እናት ስል መማል ፈልጌ ነበር። አልወጣም አለኝ። እሳቸውም ቀስ ብለው አንገታቸውን ነቀነቁ፣ ጠርሙሱንም በመስኮት አቀበሉኝ፣ ተቀብዬ ሞተሬን አስነሳሁ።